መቶ አሥራ ሦስተኛው መልእክት

የሙዐዊያን አስከሬን ከብረት ወንፊቱ ለማላቀቅ አራት ጎልማሶች ታግለዋል። በኮረብታው ሥር የሚያልፈው ዋሻ ቦይ ውሃውን ሲተፋ አብሮ ተፍቶት፣ ቅርንጫፍና ደለል እንዲይዝ ከተሠራው ወንፊት ጋር አጣብቆት ነበር። ግንባሩ ላይ ያሰራት መብራት አልጠፋችም። የየካቲት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀትር ያቺ መብራት እየበራች መሆኗን ያየ ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ኢንስፔክተር ዙልፋ ከቢር ግን አላዞረችም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። የቀኝ እጁ ሦስት ጥፍሮች ከሥራቸው ተነቅለዋል፤ በቀሩት ውስጥ የሲሚንቶ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ግድግዳውን ቧጥጧል ማለት ነው። ውሃው ሲደርስበት በሕይወት ነበር፤ እንደሚሞትም አውቋል።

ዙልፋ የጀውሃ ልጅ ናት። አባቷ በአውራ ጎዳናው ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ጎማ ይለጥፉ ነበር። በፖሊስነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ሰው ሲናገር አቋርጣ አታውቅም፤ ሲጨርስ ግን ያልተናገረውን ትጠይቀዋለች ይሏታል። ቀና ብላ የዋሻው ጠባቂ በድሩ ወዳሉበት ሄደች። ሽማግሌው ከዳሳቸው ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል።

«ጋሼ በድሩ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ሐሙስ ሐሙስ ዋሻውን ይጠርጋል። ዛሬም አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ገባ። እኔ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ‹ሰው አለ› ብዬ መዘገብኩ። እንዲህ ከተመዘገበ የላይኛው በር ተቆልፎ ይቀራል፤ ውሃ አይለቅም። ልቤ ግን አልረጋ አለኝ፤ ለቢሮ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም።»

«መቼ ነው የጠፋው?»

«አራት ሰዓት ሲሆን። እሱ ከመግባቱ በፊት ነው።»

«የተመለሰውስ?»

«አምስት ሰዓት ላይ። ጥቂት ቆይቶ ዋሻው አጓራ። ‹ሙዐዊያ! ሙዐዊያ!› ብዬ ጮህኩ።» ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ሱብሃነላህ! አንድ ጊዜ የመለሰልኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የሰማሁት።»

ነጭ ድንጋይ የመስኖ ማኅበር ከተራራው ግርጌ ጠልፎ በሚያወርደው ውሃ ከሸዋ ሮቢት በታች ያለውን የሽንኩርትና የማሾ እርሻ ያጠጣል። ውሃው የሚለቀቀው ከላይኛው በር ነው። በሩን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ነው፤ ሞተሩን የሚያዙት ደግሞ ሦስት ቦታ የተቀመጡ ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንዱ ላይ በሩ ጋ፣ አንዱ ከተማው ውስጥ ባለው ቢሮ፣ አንዱ ታች በበድሩ ዳስ። ሙዐዊያ ሦስቱንም የሚጠግን ቴክኒሻን ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሥራ የማይንቅ ሰው ስለነበረ ዋሻውንም እሱ ነበር የሚጠርገው።

ዙልፋ በባጃጅ ወደ ቢሮው ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጠበቋት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጂ አብዱልመጂድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የውሃ ስርጭት ኃላፊው ኸይረዲን ቆሟል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ጥግ ላይ ሲስተሙን የሠራችው ናጅዋ ጉልበቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ሲስተሙ ነው የገደለው» አሉ ሐጂ አብዱልመጂድ። «አምናም መሠረት የምትባል የቀን ሠራተኛ፣ የደብረ ሲና ልጅ፣ በዚሁ ዋሻ ሞታብናለች። ያኔም ተጣርቶ የኮምፒውተር ስህተት ነው ተባለ። እኔ ስለነዚህ ማሽኖች የማውቀው የለም፤ ውሃ ግን አውቃለሁ። ውሃ እንዲህ ሰው አይበላም ነበር።»

ዙልፋ ወደ ኸይረዲን ዞረች። «እርስዎስ ምን የሆነ ይመስልዎታል?»

«አብሮ አደጌ ነው» አለ። «ቁርአን አንድ ሼህ ጋ ነው የቀራነው። ምን ልበልዎት? ኔትወርክ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ጠፍቷል። ጋሼ በድሩ ‹ሰው አለ› ያሉት እዚህ አልደረሰም። የቢሮው ኮምፒውተር ደግሞ የገበሬውን ተራ እያየ በራሱም ያዛል። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ‹ክፈት› ብሏል፤ ተመዝግቧል። ኔትወርክ ሲመለስ ሁለቱ ተጋጩና ስህተተኛው አሸነፈ። ወይ ደግሞ…» ዓይኑን ወደ ጥጉ ጣል አደረገ። «በዚያ ሰዓት እዚህ የነበረችው ናጅዋ ብቻ ናት። እኔ በሰው አልፈርድም።»

«እርስዎና ሐጂስ?»

«ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ከአርባ ገበሬ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርን። ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ተበተንን። ሐጂ ለቅሶ ቤት ሄዱ፤ እኔ በባጃጅ ወደ እርሻ ወጣሁ።»

ናጅዋ ያን ጊዜ ቀና አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ሌላ ሰው አትፈልጉ።»

ዙልፋ ሁለቱን ወንዶች አስወጥታ ከልጅቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ነው የገደልሽው?»

«ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ሕግ? እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ለእናትሽ እንደምትነግሪ አድርገሽ ንገሪኝ።»

ናጅዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሲስተሙ ውስጥ እያንዳንዱ በር አንድ ኦብጀክት ነው እንላለን። ያለበትን ሁኔታ የሚያውቅ፣ ሲያዙት የሚሰማ ነገር ማለት ነው። በሩ አንድ ነው፤ ቅጂው ግን ሦስት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ ጋ ሲለወጥ ለሌሎቹ መልእክት ይልካል፤ ሦስቱም አንድ ቃል ይሆናሉ።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?»

«እያንዳንዱ የሰማውን ያህል ይዞ ይሠራል። ሲመለስ ይተያያሉ። የያዙት ከተለያየ በሰዓት የኋለኛው ያሸንፋል። ‹ሰው አለ› የተባለው አራት ሰዓት ከአምስት ነው፤ ‹ክፈት› የተባለው አራት ሰዓት ከሃያ። ሙዐዊያ ‹ይኼ ሕግ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል፤ ቀይሪው› ብሎ ለምኖኛል። ‹መጪው ረመዳን ካለፈ በኋላ› አልኩት።»

«በአራት ሰዓት ከሃያ አንቺ አዘሻል?»

«አላዘዝኩም። ግን ብቻዬን ነበርኩ። ማን ያምነኛል?»

«እስከ ስንት ሰዓት ቆየሽ?»

«ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ የለም፤ ሙቀቱም አላስቀምጥ አለኝ። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቆልፌ ከመንገዱ ማዶ ትርንጎ ጭማቂ ቤት ገባሁ። የሙዐዊያን ነገር የሰማሁት እዚያው ሆኜ ነው።»

«ቁልፉ ያለው ማን ማን ጋ ነው?»

«እኔ፣ ኸይረዲንና ሐጂ ጋ። የኮምፒውተሩ ይለፍ ቃል ደግሞ አንድ ነው፤ እኔም ኸይረዲንም እሱኑ ነው የምንጠቀመው።»

ዙልፋ ተነሥታ ወጣች። በረንዳው ላይ አንዲት አሮጊት መንገዱን ዘጉባት። እትዬ ሙሀባ ይባላሉ፤ በማኅበሩ ገበሬዎች ዘንድ በምላሳቸው የተፈሩ ናቸው።

«አንቺ ፖሊሷ! ልጁን አላህ ይማረው፤ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። የኔስ ማሾ? ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተራሽ ነው ብለው ይቺን ሰጥተውኝ ውሃውን ዘጉት!» ከማተሚያ የወጣች ጠባብ ወረቀት አሳዩዋት።

ዙልፋ ወረቀቷን አነበበች። ስማቸው አለ፤ የቦዩ ቁጥር አለ፤ ከግርጌው የዕለቱ ቀንና የታተመበት ሰዓት አለ። አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ይላል።

«መቼ ነው የወሰዷት?»

«ዛሬ ነዋ! ስብሰባው ላይ ስሟገት ቆይቼ፣ ሲያልቅ ገብቼ አስጻፍኩ።»

«ሲያልቅ? ከማለቁ በፊት ወጣ ብለው አልነበረም?»

«እኔ? ሐጂን ጠይቂያቸው! መጨረሻ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ውጪ ቢሉኝም አልወጣም ነበር።»

ዙልፋ ተመልሳ ገባችና በኮምፒውተሩ ሰዓትና በእጇ ሰዓት መካከል ዓይኗን አመላለሰች። አንድ ደቂቃ እንኳ አይለያዩም። ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ከዚያ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ አስመጥታ አየች። እትዬ ሙሀባ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ሆነው ተጽፈዋል። ከመንገዱ ማዶም ትርንጎን አነጋገረች። ናጅዋ ከፋኑ ፊት ከተቀመጠችበት የተነሣችው ሰው ሞተ የሚል ጩኸት ሲሰማ ብቻ መሆኑን ትርንጎ ነገረቻት።

ከሰዓት በኋላ ዙልፋ ወደ ላይኛው በር ወጣች። መኪናው እስከሚችለው ሄዶ ቀሪው በእግር ነው። የበሩ ጠባቂ ጣሪቅ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ሩቅ እንዳልነበረ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ማለላት።

«በሩን የከፈተው ሞተሩ ነው፤ እኔ እጄን አልጫንኩም። ሙዐዊያ ዋሻው ውስጥ መኖሩን ከየት አውቄ?»

«ስትሰማው ምን እየሠራህ ነበር?»

«ኔትወርኩ ከች እንዳለ እህቴ ከከሚሴ ደወለች። ስለ እናታችን ሕመም አወራን። ስልኩን ዘግቼ ኪሴ ሳልከት ሞተሩ ተነሣ።»

«ስልክህን አሳየኝ።»

ጥሪው አምስት ሰዓት ከአንድ ላይ ተጀምሮ ሰባት ደቂቃ ፈጅቷል።

«ኔትወርኩ እንደመጣ ሞተሩ ትንሽ ተንቀሳቅሶ አልቆመም? እያወራህ ሳትሰማው ቀርተህ ይሆናል።»

ጣሪቅ በሐዘኑ መካከል ሳቅ አመለጠው። «ይኼ ሞተር ሲነሣ እኮ እህቴ እዚያ ማዶ ሆና ትሰማዋለች።»

ዙልፋ ደቂቃዎቹን እየቆጠረች ወረደች። ስምንት ደቂቃ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ብቻ ይጠብቅ የነበረ ትእዛዝ፣ ኔትወርክ ከመጣ በኋላ ስምንት ደቂቃ ምን ይጠብቃል?

ሟቹ በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በፊት ተቀበረ። ዙልፋ የሄደችው ሴቶቹ ወዳሉበት ነው። የሙዐዊያ ሚስት ራሕማ ነጭ ነጠላ ተከናንባ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ቃሏም ደረቅ ነበር።

«ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደብረ ሲና ሄዶ መጣ። አምና የሞተችው የመሠረት እናት ጋ ነው የሄደው። ‹ምን ልትሠራ?› ስለው ‹ልነግራቸው ሄጄ ሳልነግራቸው ተመለስኩ› አለኝ።»

«ምኑን?»

«አልነገረኝም። ‹የኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ይንገራቸው። እስከ ጁምዓ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ነው ያለኝ።» ራሕማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ጁምዓ ዛሬ ነው።»

ዙልፋ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄዳ ናጅዋን አስጠራቻት። ፖሊስ ኮምፒውተሩን ካሸገ ወዲህ ልጅቷ አልነካችውም፤ መንካትም አልፈለገችም ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ኔትወርክ ሲመለስ ሦስቱ ለመተያየት ምን ያህል ይፈጅባቸዋል?»

«ሦስት አራት ሰከንድ።»

«ትናንት ስምንት ደቂቃ ፈጅቷል።»

ናጅዋ ፊቷን አጨማደደች። «አይሆንም።»

«ምናልባት ‹ክፈት› የተባለው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ባይሆንስ? ሰው የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶ አዝዞ፣ መልሶ አስተካክሎት ቢሆን?»

«ይቻላል። ግን ያ ሰው ይህን ማድረጉን ከሰዓቱ ማወቅ…» ናጅዋ ድንገት አፏን ያዘች። «ቁጥሩ!»

«የምን ቁጥር?»

«እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲወጣ ከሰዓቱ ሌላ በሆዱ ሦስት ቁጥር ይይዛል። ያዘዘው ኮምፒውተር እስከዚያች ቅጽበት ከላይ ስንት መልእክት እንደሰማ፣ ከቢሮ ስንት፣ ከታች ስንት። ስክሪኑ ላይ አይታይም። ሰዓትን ሰው ያዛባዋል፤ ይኼን ግን ማሽኑ ብቻውን ነው የሚቆጥረው። ለጥገና ብዬ ያኖርኩት ነው፤ ያሳየሁትም ለሙዐዊያ ብቻ ነው፤ ከወር በፊት።»

«ክፈቺው።»

የናጅዋ ጣቶች ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ዙልፋ ጠበቀች።

«ጋሼ በድሩ ‹ሰው አለ› ያሉት ከታች ስንተኛው መልእክት ነው?»

«መቶ አሥራ ሦስተኛው።»

«ከቢሮ ‹ክፈት› ሲባል ኮምፒውተሩ ከታች ስንት ሰምቶ ነበር?»

ናጅዋ አነበበች። እንደገና አነበበች። ከንፈሯ ነጣ።

«መቶ አሥራ ሦስት» አለች።

«እንግዲህ በኔ ቋንቋ ልበለው» አለች ዙልፋ። «አንድ ሰው ለቅሶ ቤት መጥቶ ‹ሰባተኛዋ ልጅ የት አለች?› ብሎ ከጠየቀ፣ ሰባተኛዋ መወለዷን ሰምቷል። አልሰማሁም ቢል ውሸቱን ነው።»

«ልክ ነው። ያዘዘው ሰው ‹ሰው አለ› የሚለውን አይቷል። ካየ ደግሞ…» የናጅዋ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «የተራው ሰሌዳ በራሱ እንዲህ ማዘዝ አይችልም፤ ሰው ካለ ዝም ይላል። በእጁ ለሚያዝዝ ግን ሲስተሙ ይጠይቀዋል። ‹ዋሻው ውስጥ ሰው አለ ተብሏል። ወጥቷል?› ይለዋል። አዎ ካላለ አይከፍትለትም።»

«አዎ ብሏል ማለት ነው።»

«አዎ ብሏል።»

ዙልፋ ወንበሯን ሳበች። «አሁን የአምናውን፣ የመሠረትን አውጪልኝ።»

የአምናውም ቁጥር እንደዚሁ ነበር። «መልእክቱ ሳይደርስ የወጣ ትእዛዝ» የተባለው ትእዛዝ መልእክቱን ሰምቶ የወጣ ነው። ያንን መዝገብ ከሁለት ሳምንት በፊት ሙዐዊያ ከፍቶ እንዳየውም ተጽፏል። በዚያ ዕለት የቢሮው ተረኛ ማን እንደነበር ደግሞ የአምናው የማጣሪያ ሪፖርት ይናገራል። ዙልፋ ሪፖርቱን ካነበበች በኋላ በባጃጅ ወደ እትዬ ሙሀባ ማሳ ወርዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በማኅበሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሐጂ አብዱልመጂድና ኸይረዲን ከፊት፣ ጣሪቅና ጋሼ በድሩ ከግድግዳው ሥር፣ ናጅዋ መስኮቱ ጋ፣ እትዬ ሙሀባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች ውጭ ቆመዋል።

«ሙዐዊያን የገደለው ሲስተሙ አይደለም» ብላ ጀመረች ዙልፋ። «በመጀመሪያ ስምንት ደቂቃውን እንይ። ኔትወርክ የተመለሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው። የላይኛው በር የተከፈተው ጣሪቅ ከእህቱ ጋር አውርቶ ሲጨርስ፣ አምስት ሰዓት ከስምንት ላይ ነው። ትእዛዙ ከአራት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ሲጠብቅ የቆየ ቢሆን ኖሮ በሰከንዶች ውስጥ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ትእዛዙ የተሰጠው በአራት ሰዓት ከሃያ አይደለም፤ በአምስት ሰዓት ከስምንት ነው።»

«መዝገቡ እኮ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል» አለ ኸይረዲን።

«መዝገቡ የኮምፒውተሩን ሰዓት ይጽፋል። ሰዓት ወደ ኋላ ይጎተታል።» ቁጥሩን ናጅዋ እንዳስረዳቻት አድርጋ ነገረቻቸው። መቶ አሥራ ሦስት ስትል ጋሼ በድሩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያዘዘው ሰው የእርስዎን መልእክት አንብቧል፣ ጋሼ በድሩ። ማሽኑም ‹ሰውየው ወጥቷል?› ብሎ ጠይቆታል። እሱም አዎ ብሏል። ሰዓቱን የጎተተው ለሁለት ነገር ነው፤ ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ የተሰጠ፣ ሳያውቅ የተሳሳተ ትእዛዝ እንዲመስልና በዚያች ሰዓት እሱ ራሱ አርባ ሰው ፊት እንዲገኝ። በአራት ሰዓት ከሃያ ቢሮ የነበረችው ናጅዋ ናት፤ በአምስት ሰዓት ከስምንት ግን ትርንጎ ጭማቂ ቤት ነበረች።»

ሐጂ አብዱልመጂድ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ቁልፍ ያለን እኮ ሦስት ብቻ ነን።»

«ሐጂን ከስብሰባው እስከ ለቅሶው ቤት ስድስት ገበሬዎች አጅበዋቸዋል። እትዬ ሙሀባ፣ ትናንት የነገሩኝን ይድገሙልኝ። ይቺን የተራ ወረቀት ማን ነው አትሞ የሰጠዎት?»

«ኸይረዲን ነዋ» አሉ አሮጊቷ ሳያስቡት። «ምነው? ጥፋት ነው?»

«ስብሰባው ከተበተነ በኋላ?»

«ሁሉም ሄዶ። ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር።»

«ወረቀቷ ግን የታተመችው በአራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ነው ትላለች። በዚያ ሰዓት እትዬ ሙሀባም ኸይረዲንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱም ሁለት ቦታ ሊሆኑ አይችሉም። ወረቀቷ የታተመችው ኮምፒውተሩ በሐሰት ሰዓት ላይ በነበረባት በዚያች አጭር ጊዜ ነው፤ ያተማትም ሰዓቱን የጎተተው ሰው ነው።» ዙልፋ ወደ ኸይረዲን ቀረበች። «በባጃጅ ወደ እርሻ አልሄድክም።»

እስካሁን እርስዎ ስትለው ነበር። ልዩነቱን ሁሉም ሰማ።

«አምና ‹ወጥታለች?› ሲልህ ሳታጣራ አዎ አልክ፤ መሠረት ሞተች። መልእክቱ አልደረሰኝም ብለህ በሪፖርት አስጻፍክ። ሙዐዊያ እውነቱን ከቁጥሩ አገኘው። ለኛ አላመጣውም፤ አብሮ አደግህ ስለሆነ ሄደህ ለእናቲቱ እንድትነግር እስከ ጁምዓ ጊዜ ሰጠህ። በምን እንዳወቀ ግን አልነገረህም።»

ኸይረዲን ለመነሣት ወንበሩን ገፋ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሰዓቱ መስሎኝ ነበር» አለ። «የአምናውን ያጋለጠብኝ የትእዛዙ ሰዓት መስሎኝ ነበር፤ ዘንድሮ የጎተትኩት ለዚህ ነው።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «የመሠረት ጊዜ ክፋት አልነበረኝም። በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቃል፤ በቀን አሥር ጊዜ አዎ እንላለን። ገበሬው ይጮሃል፣ ስልክ ይጮሃል… አዎ አልኩ። ሐሙስ ግን ኔትወርኩ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ‹ሰው አለ› አለ። እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ነገ ጁምዓ ነው አልኩ። ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጆች ሊባሉ ነው አልኩ።»

«እትዬ ሙሀባ ሲገቡ የውሃውን በር ከፍተህ ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። «ሰዓቱን ብቻ ነበር የለወጥኩት። ገና አልከፈትኩም ነበር።»

እትዬ ሙሀባ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ቀስ ብለው እየተራመዱ ፊቱ ድረስ ሄዱ።

«መርቄህ እኮ ነው የወጣሁት» አሉት። «‹ከክፉ ይጠብቅህ› ብዬህ፣ አንተም አሚን ብለኸኝ። ከዚያ በኋላ ነው?»

ጋሼ በድሩ ግድግዳውን ተደግፈው ያለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። ዙልፋ በሩን ከፍታ ፖሊሶቹን ጠራች።

በማግሥቱ ዙልፋ ዳገቱን ወጥታ ደብረ ሲና ገባች። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። የመሠረት እናት ከገበያው በላይ ካለች አንዲት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ተቀብለዋት፣ የሰማችውን ሁሉ ስትነግራቸው እጃቸውን አጣምረው አዳመጡ።

«ዓመት ሙሉ» አሉ በመጨረሻ፣ «የማሽን ስህተት ነው ሲሉኝ የማዝንበትን እንኳ አጥቼ ኖርኩ። በማሽን ማን ያዝናል? ሰሞኑን አንድ ልጅ መጥቶ ነበር። እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። የተፈለጠውን እንጨቴን ከዝናብ አስገባልኝና አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ሴትየዋ መሬት መሬቱን አዩ። እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም።

«ሚስት አለችው?»

«አለችው። ራሕማ ትባላለች።»

የመሠረት እናት ተነሥተው ከግድግዳው ላይ ነጠላቸውን አወረዱ፤ ጥቁር ጥለት ያለው የሐዘን ነጠላ ነው። ጫማቸውን አጠለቁ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጡና ወደ ዙልፋ መኪና ሄዱ።

«ቆላው ይሞቃል፣ እትዬ» አለቻቸው ዙልፋ። «መንገዱም ያደክምዎታል።»

«ልጅቷ ብቻዋን አታልቅስ» አሉና በሩን ዘጉ። «ንጂ።»